ከአፈሙዝ እስከ ጉሮሮ፦ የእርሳስ አረር ልክ ታሪክ

እርሳስን አቅልጦ በቅርጽ ማውጫ በማፍሰስ አረር የማዘጋጀት ሥራ ከጠመንጃ ጋር አብሮ የተወለደ ቢሆንም፣ የአረሩ ውፍረት ከየትኛው የጠመንጃ ክፍል ጋር ተመዛዝኖ መወሰን እንዳለበት ባለሙያዎች የተረዱት እጅግ ዘግይተው ነው። ለመዘግየቱ ዋናው ምክንያት የጠመንጃው አሠራር በየዘመኑ መለዋወጡ ሲሆን፣ አረሩ የሚገባበት በር ከፊት ወደ ኋላ ሲዞር ልኩ የሚወሰድበት ቦታም አብሮ ዞሯል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ በጀርመን አገሮች የነበሩ ጠመንጃ ሠሪዎች የቱቦውን ውስጥ እየተጠማዘዘ በሚሄድ ቦይ መቅረጽ ጀመሩ። ቦይ ማለት በቱቦው ግድግዳ ላይ ተፍቆ የሚወጣው ጎድጓዳ መስመር ሲሆን፣ በሁለት ቦዮች መካከል ሳይነካ የሚቀረው ከፍ ያለ ቦታ ሸንተረር ይባላል፤ ሸንተረሩ የእርሳሱን ገላ ነክሶ ስለሚይዘው አረሩ እየዞረ ይወጣል፣ መዞሩም በአየር ላይ ሳይንገዳገድ እንዲበር ያደርገዋል። ይህ እንዲሆን ግን አረሩ ከሸንተረሩ ጋር መነካካት፣ ከተቻለም ቦዩን እስከ ወለሉ መሙላት አለበት። በአፈሙዝ በኩል ለሚጎርስ ጠመንጃ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ቦዩን የሚሞላ አረር ከፊት ገብቶ ቱቦውን ሙሉ ርዝመት በዘንግ እየተገፋ መውረድ ይኖርበታልና። የጀርመን አዳኞች መፍትሔ ያደረጉት ከሸንተረሩ ጥቂት የሚያንስ ድቡልቡል አረር በሞራ በተቀባ ጨርቅ ወይም በቀጭን ቆዳ ጠቅልሎ ማስገባትን ነው፤ ጨርቁ ክፍተቱን ይዘጋል፣ የቦዩንም ዙረት ለአረሩ ያስተላልፋል። ዘዴውን ጀርመናውያን ስደተኞች ወደ ፔንሲልቬንያ ወስደውት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ አዳኞች ዋና መገልገያ ሆኗል።

መደበኛ ጦር ግን ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ጊዜ አልነበረውም። የእንግሊዝ እግረኛ ወታደር ይዞት የዘመተው፣ ብራውን ቤስ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ቦይ አልባ ጠመንጃ የውስጥ ስፋቱ 0.75 ኢንች ሲሆን፣ የሚጎርሰው አረር ከ0.69 ኢንች እምብዛም አይበልጥም ነበር። ይህ ክፍተት ታስቦበት የተተወ ነው፤ ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ ሳይለወጥ ጥላሸትና የጨው ቅሪት ሆኖ ቱቦው ውስጥ ስለሚጋገር፣ በልኩ የተሠራ አረር ከጥቂት ተኩስ በኋላ አልወርድም ይላል። አረሩ ቱቦው ውስጥ ግራና ቀኝ እየተላተመ መውጣቱን፣ ከመቶ ሜትር በላይም ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አለመኖሩን አዛዦቹ ለፍጥነት እንደሚከፈል ዋጋ ቆጥረውት ኖረዋል። በ1800 የእንግሊዝ ጦር ለተመረጡ አነጣጣሪዎች የቤከርን ባለ ቦይ ጠመንጃ ሲያድል መጀመሪያ ላይ አረሩን ወደ አፈሙዙ የሚያስገቡበት ትንሽ የእንጨት መዶሻ አብሮ መስጠቱ፣ ልክና ፍጥነት እንዴት እንደሚጣሉ ከማንኛውም የጽሑፍ ማስረጃ በላይ ይናገራል።

የፈረንሳይ መኮንኖች ይህን ጠብ ለማስታረቅ ሃያ ዓመት ያህል ደክመዋል። አንሪ ጉስታቭ ዴልቪኝ በ1826 የቱቦውን ግርጌ ጠበብ አድርጎ ባሩዱ የሚያርፍበት ክፍል በመሥራት፣ በቀላሉ የሚወርደው አረር በክፍሉ ከንፈር ላይ ሲደርስ በዘንግ ተመትቶ ወደ ጎን እንዲሰፋና ቦዩን እንዲሞላ አደረገ፤ በ1840ዎቹ የመድፈኛ መኮንኑ ቱቭናን በጠባቡ ክፍል ፈንታ ከቱቦው ግርጌ የብረት ምሰሶ አቆመ፣ አረሩም በምሰሶው ላይ እየተቀጠቀጠ ሰፋ። ሁለቱም አሠራሮች ልኩን ያስያዙት በወታደሩ ክንድ ነበር። ጠንክሮ የመታ ቅርጹ የተበላሸ አረር፣ ቀስ ብሎ የመታ ደግሞ ቦዩን ያልሞላ አረር ይተኩሳል፤ ምሰሶውም ቱቦውን ለማጽዳት እንቅፋት ነበር።

ሻምበል ክሎድ ኤትየን ሚኒዬ በ1849 ያቀረበው አረር ይህን ሸክም ከሰው ክንድ ወደ ባሩዱ ጋዝ አዛወረው። አረሩ ድቡልቡል መሆኑ ቀርቶ ረዘም ያለ፣ ጫፉ የሾለ፣ ከበስተኋላው ጎድጓዳ የሆነ ሲሆን፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ትንሽ የብረት ኩባያ ተሰክታለች፤ ባሩዱ ሲፈነዳ ኩባያዋ ወደ ውስጥ ተገፍታ የእርሳሱን ቀሚስ ወደ ቦዩ ትከፍተዋለች። ስለዚህም ሲገባ ቀጭን፣ ሲወጣ ወፍራም የሆነ አረር ተገኘ። የእንግሊዝ መንግሥት ለሚኒዬ 20,000 ፓውንድ የከፈለ ሲሆን፣ በ1835 ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ውድቅ የተደረገበት የራሱ ዜጋ ዊልያም ግሪነር አቤቱታው ሰሚ ሲያገኝ በ1857 የተሰጠው 1,000 ፓውንድ ብቻ ነው። በአሜሪካ የሃርፐርስ ፌሪ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ባልደረባ ጄምስ በርተን ደግሞ የጉድጓዱ ግድግዳ በቂ ስስ ከሆነ ኩባያዋ እንደማታስፈልግ አሳየ፤ በ1855 በ0.58 ኢንች ልክ የጸደቀው ይህ አረር ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ሁለቱም ወገኖች የተላለቁበት ነው።

የአረር ልክ ከጠመንጃ ሠሪ መሥሪያ ቦታ ወጥቶ የመንግሥታት ራስ ምታት የሆነው በሕንድ ነው። በ1853 የጸደቀው ኤንፊልድ የቱቦው ስፋት 0.577 ኢንች፣ የመጀመሪያው አረሩ ደግሞ 0.568 ኢንች ነበር፤ በመካከል የሚቀረው 0.009 ኢንች በባዶው የተተወ ሳይሆን አረሩ በተጠቀለለበት በሞራና በሰም የተነከረ ወረቀት የሚሞላ ነው። ወታደሩ የወረቀቱን ጫፍ በጥርሱ ይበጥሳል፣ ባሩዱን ያፈሳል፣ ጥቅሉን ገልብጦ የተቀባውን ጫፍ ከነአረሩ አፈሙዙ ውስጥ ያስገባል፣ ትርፉን ወረቀት ቆርጦ ይጥላል፣ በዘንግም ይገፋዋል። ወረቀቱ የልኩ አካል ስለነበረ ቅባቱ የግድ ያስፈልግ ነበር፤ ቅባቱ የላምና የአሳማ ሞራ አለበት የሚለው ወሬ በሂንዱና በሙስሊም ወታደሮች መካከል ሲዛመትም ቀድሞ የተጠራቀመው ቅሬታ ሁሉ በዚህ በኩል ገንፍሎ ወጣ፤ በሜይ 10 ቀን 1857 በሚሩት የጀመረው አመጽ ሰሜን ሕንድን አዳረሰ። ለአመጹ የመሬት፣ የግብርና የሹመት ምክንያቶች እንደነበሩት የታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ያስረዳሉ፤ ሰበቡ ግን ያን 0.009 ኢንች የሚሞላው የተቀባ ወረቀት መሆኑ አይካድም። በዚያው ዘመቻ የእንግሊዝ ወታደሮች ሌላ ችግር አገኙ፤ በሕንድ ሙቀት ቅባቱ እየቀለጠ በመድረቁና ጥላሸቱ በመጠንከሩ 0.568 የሆነው አረር አልወርድ አለ። ከዚህ ተሞክሮ በኋላ አረሩ ወደ 0.55 ኢንች እንዲቀጥን ተወሰነ፤ የተፈጠረውን ትልቅ ክፍተትም በአረሩ ጉድጓድ የሚሰካ ከጠንካራ እንጨት፣ በኋላም ከሸክላ የተሠራ ውታፍ እየከፈተ እንዲሞላው ተደረገ።

በዚያው 1857 የማንቸስተሩ መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ጥያቄውን ከተቃራኒው ጫፍ ያዘው። እስከ ሚሊዮንኛ ኢንች የሚለካ መሣሪያ የሠራው ይህ ሰው አረሩ እየሰፋ ልኩን ይፈልግ የሚለውን አስተሳሰብ ትቶ፣ ባለ ስድስት ጎን የተጠማዘዘ ቱቦና ገና ሲሠራ ጎኖቹ ከቱቦው ጋር የሚገጥሙ ባለ ስድስት ጎን አረር አቀረበ፤ የቱቦው ስፋት 0.451 ኢንች ብቻ ሲሆን፣ የኤንፊልድ ቦይ አንድ ዙር ለመዞር 78 ኢንች ሲፈልግ የእሱ በ20 ኢንች ይዞር ነበር። በእንግሊዝ አገር ሃይዝ ላይ በተደረገው ፍተሻ ኤንፊልድ በ1,400 ያርድ ላይ ዒላማውን መምታት ሲያቅተው የዊትዎርዝ ጠመንጃ በ1,800 ያርድ መትቷል። ጦሩ ግን በዋጋው ውድነትና በጥላሸት ቶሎ መታፈኑ ምክንያት አልተቀበለውም፤ በኋላ እንደታየውም ለስላሳ ክብ አረር ባሩዱ ሲመታው በራሱ ጊዜ ተጨፍልቆ ስድስቱን ጎን ይሞላ ስለነበር፣ ባለ ጎኑን አረር የመሥራት ድካም አብዛኛው ትርፍ ነበር።

ከ1860ዎቹ ጀምሮ ጠመንጃው ከኋላ መጉረስ ሲጀምር ነገሩ መልኩን ቀየረ። ጥይቱ ከነቀለሃው የሚቀመጥበት የቱቦው ኋለኛ ክፍል መጉረሻ ይባላል፤ ከመጉረሻው ፊት፣ ሸንተረሩ ሙሉ ከፍታውን ከመያዙ በፊት ያለው አጭርና እየጠበበ የሚሄድ መሸጋገሪያ ደግሞ ጉሮሮ ነው። አረሩ በአፈሙዝ በኩል መውረዱ ስለቀረ ከሸንተረሩ፣ ከቦዩም ቢሆን፣ የወፈረ አረር መጉረስ ከዚህ በኋላ ይቻል ነበር። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ከኋላ ጎራሾች የተገኙት አሮጌውን ኤንፊልድ በመለወጥ ስለሆነ የአፈሙዝን ዘመን ልማድ ይዘው ቀጠሉ፤ በ1866 የጸደቀውና በአገራችን ስናድር በሚል ስም የታወቀው የስናይደር ጠመንጃ አረር 0.573 ኢንች ሆኖ ከ0.577ቱ ቱቦ ያንስ ነበር፣ ቦዩንም የሚሞላው እንደ ቀድሞው በሸክላ ውታፍ ተከፍቶ ነው። ይህ ጠመንጃ በጦርነት የተፈተነው በኢትዮጵያ ምድር ሲሆን፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር በኤፕሪል 10 ቀን 1868፣ ማለትም ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ከመቅደላ ሥር በምትገኘው አሮጌ ሜዳ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ተኩሶታል፤ አብዛኛው የቴዎድሮስ ሠራዊት የያዘው ጦርና ጋሻ፣ ጠመንጃ የያዘውም በአፈሙዝ የሚጎርስ ስለነበር የውጊያው ውጤት ከጅምሩ የታወቀ ነበር።

ቀጣዮቹ ጠመንጃዎች ከመነሻቸው ለኋላ ጎራሽነት የታሰቡ ናቸው። የእንግሊዙ ማርቲኒ ሄንሪ በ1871 የጸደቀ ሲሆን፣ 480 ግሬይን ወይም 31 ግራም የሚመዝነው አረሩ ከ12 እጅ እርሳስና ከ1 እጅ ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የተሠራ፣ ዙሪያውንም በቀጭን ወረቀት የተጠቀለለ ነበር። ቆርቆሮው እርሳሱን ያጠነክረዋል፤ ወረቀቱ ደግሞ እርሳሱ ከቱቦው ብረት ጋር እንዳይፋተግና በቦዩ ውስጥ ተለጥፎ እንዳይቀር ይከላከላል። በ1874 የወጣው የፈረንሳዩ 11 ሚሊ ሜትር የግራ ጠመንጃም ወደ 25 ግራም የሚጠጋ በወረቀት የተጠቀለለ አረር ይተኩስ ነበር። ውጅግራ ተብሎ በኢትዮጵያ የኖረው ይህ ጠመንጃ ከሬሚንግተን፣ ከቬተርሊና ከሌሎችም ጋር ተደባልቆ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው የምኒልክ ሠራዊት ትጥቅ ነበር፤ ጥይቱም በገበያ ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ እስከ መዘርዘር ደርሷል። እንዲህ ያለ ብዙ ዓይነት ጠመንጃ የተቀላቀለበት ሠራዊት ጥይትን በየዓይነቱ ለይቶ ማደል የግድ ይሆንበታል፤ ለአንዱ ቱቦ የተሠራ አረር ለሌላው ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል።

በእነዚሁ ዓመታት በአሜሪካ የዒላማ ተኳሾች ከጦሩ ይልቅ ረቀቅ ያለ መንገድ ይዘው ነበር። በሴፕቴምበር 1874 በሎንግ አይላንድ ክሪድሙር ሜዳ እስከ 1,000 ያርድ በተደረገው ውድድር ከኋላ የሚጎርሱ ሬሚንግተንና ሻርፕስ ጠመንጃዎችን የያዙት አሜሪካውያን በአፈሙዝ የሚጎርስ ሪግቢ የያዙትን አየርላንዳውያን 934 ለ931 አሸነፉ። ሦስት ነጥብ ትንሽ ናት፤ አንድ አየርላንዳዊ ተኳሽ በስህተት የሌላ ሰው ዒላማ ባይመታ ኖሮ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። ስለዚህ ውድድሩ የኋላ ጎራሹን ብልጫ አረጋገጠ ከማለት ይልቅ፣ እኩያ መሆኑን አሳየ ማለት ለእውነቱ ይቀርባል።

እኩያነቱን ወደ ብልጫ ለመለወጥ የደከሙት ሁለት ሰዎች ስማቸው እስከ ዛሬ በሙያው ይነሣል። ሃሪ ፖፕ የተባለው ቱቦ ሠሪ አረሩንና ቀለሃውን ለያይቶ፣ አረሩን በልዩ የአፈሙዝ ቅጥያ በኩል ከፊት አስገብቶ እስከ ጉሮሮው የሚያወርድበትን፣ ባሩድ የተሞላውን ቀለሃ ግን ከኋላ የሚያጎርስበትን ዘዴ ፍጹም አደረገ፤ የአረሩ መቀመጫ ቀበቶ ከቦዩ ጥቂት የወፈረ ስለሆነ ገና አፈሙዙን ሲያልፍ በቦዩ ልክ ይቀረጻል፣ ትርፉ ፍቅፋቂም በባሩዱ በኩል ሳይሆን በፊቱ ይቀራል። ፖፕ በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አዲስ መሥሪያ ቦታ በከፈተ ማግስት የመሬት መንቀጥቀጡና ቃጠሎው መሣሪያውን ሁሉ አውድሞበታል። ሁለተኛው የማሳቹሴትሱ ሐኪም ፍራንክሊን ማን ሲሆን፣ ከሕክምናው ይልቅ የጥይትን በረራ በመመርመር ያሳለፈውን ዘመን በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ አጠቃሎታል። ማን የተኳሹ እጅ ስህተት እንዳይገባበት ቱቦውን መሬት ውስጥ በተተከለ የኮንክሪት ምሰሶ ላይ አስሮ፣ የአረሮቹን ጫፍ ሆን ብሎ እየቆረጠና እያጣመመ ተኮሰ፤ ጉዳታቸው ከተጠበቀው በታች ሆነ። ከዚያ የአረሮቹን መቀመጫ ጥቂት ብቻ አጎደፈ፤ ተኩሱም ከዒላማው ተበተነ። የአረር ጤና ከጫፉ ይልቅ በመቀመጫው እንደሚለካና አረሩ ወደ ቦዩ ሲገባ ሳያጋድል ቀጥ ብሎ መግባት እንዳለበት የታወቀው ከዚህ ዓይነቱ ትዕግሥተኛ ሥራ ነው።

ይሁንና ማን መጽሐፉን ሲያሳትም የእርሳስ አረር ከጦር ሜዳ ወጥቶ ነበር። ፖል ቪየይ በ1884 ጢስ አልባ ባሩድ ከሠራ በኋላ በ1886 የወጣው የፈረንሳዩ ለበል በ8 ሚሊ ሜትር ቱቦ አረሩን ከ600 ሜትር በሰከንድ በላይ ያስወነጭፍ ጀመር፤ ራቁቱን የሆነ እርሳስ በዚህ ፍጥነት ሸንተረሩን ይዞ መዞር ትቶ እየተላጠ ስለሚያልፍ፣ ስዊዘርላንዳዊው ኤድዋርድ ሩቢን በ1882 ያቀረበው የመዳብ ልባስ የአረር ሁሉ ልብስ ሆነ። እንግሊዝ በበኩሏ ኮርዳይት የሚባል ባሩድ ያዘች። የመጀመሪያው ኮርዳይት 58 በመቶው ናይትሮግሊሰሪን ሆኖ እጅግ በጋለ እሳት ስለሚነድ፣ ለጥቁር ባሩድ ታስቦ የተቀረጸውን የሊ ሜትፎርድ ጠመንጃ ጥልቀት የሌለው ቦይ በአጭር ጊዜ በላው፤ ከ1895 ጀምሮ ቦዩ ጠለቅ ብሎ በኤንፊልድ ፋብሪካ አቀራረጽ ተተካ፣ በኋላም የናይትሮግሊሰሪኑ መጠን ወደ 30 በመቶ ወረደ። ያም ሆኖ እሳቱ አስቀድሞ የሚያርፍበት ጉሮሮ ከእያንዳንዱ ተኩስ ጋር ጥቂት መበላቱ አልቀረም። በመዳብ የተለበሰ አረር ይህን ችሎ ሲያልፍ የኖረ ቢሆንም፣ የተበላው ጉሮሮ ዕዳ የተከፈለው ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ጠመንጃዎቹ በሌላ እጅ ሲገቡ ነው።

እርሳስ ማፍሰስ በወጪ ቆጣቢ ተኳሾች ቤት አልጠፋም ነበር። በ1884 በኒው ሄቨን የተቋቋመው የጆን ባርሎው አይዲያል ኩባንያ ለየጠመንጃው ቅርጽ ማውጫ ከመሸጥ አልፎ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአረሩ መቀመጫ የምትገጠም ትንሽ የመዳብ ቆብ አወጣ፤ ቆቧ ጋዙ እርሳሱን ከኋላ እንዳይበላው ስለምትከላከል ጢስ አልባ ባሩድን በልኩ ቀንሶ ከእርሳስ አረር ጋር ማስማማት ተቻለ። ከዚሁ ጋር የተስፋፋው መሣሪያ ልክ ማስያዣው ነው፤ ከቅርጽ ማውጫው የወጣ አረር ጥቂት ወፍሮ ስለሚገኝ፣ በአንድ ቁርጥ ስፋት በተበሳ የብረት ቀለበት ውስጥ በግፊት እንዲያልፍ ይደረጋል፣ በዚያው ምት ቅባት በአረሩ ጎን ባሉት ጎድጎዶች ይሞላል። የቀለበቱ ስፋት የሚመረጠው ግን ፋብሪካው በመዳብ ለተለበሰው አረር ከወሰነው ቁጥር ነበር፤ ለአሜሪካው ጠመንጃ 0.308፣ ለእንግሊዙ 0.311 ኢንች። ይህ ልማድ ለአዲስ ቱቦ ቢበቃም ለአሮጌው የሚያሳስት መሆኑ ቆይቶ ታየ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከየአገሩ መጋዘን የወጡ ኤንፊልዶች፣ ማውዘሮችና ሞሲን ናጋንቶች በርካሽ ዋጋ ወደ አሜሪካ ጎረፉ፤ ጎርፉን ያቆመው የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ነው። ገዢዎቹ በመጽሐፍ በተጻፈው ልክ እርሳስ አፍስሰው ሲተኩሱ ቱቦው በእርሳስ ተለብዶ፣ አረሩም ዒላማው ላይ በጎኑ ገብቶ አገኙት። ምክንያቱ ሲፈለግ መጀመሪያ ቦዩን መለካት ተለመደ፤ ለስላሳ የእርሳስ ቁራጭ በቱቦው ውስጥ ተገፍቶ ይወጣና በእርሳሱ ላይ የታተመው የቦዩ ወለል በማይክሮሜትር ይለካል። ይህ በራሱ ያስገረመ ውጤት ነበረው፤ 0.303 ተብሎ የሚጠራው የእንግሊዙ ጠመንጃ ቁጥሩ የሸንተረሩ ስፋት ሲሆን፣ በጦርነቱ ጥድፊያ የተሠሩት ቱቦዎች ቦያቸው ከ0.314 አልፎ እስከ 0.318 ኢንች ይደርሳል። ቱቦው ባለ አምስት ቦይ ሲሆን ደግሞ ከእያንዳንዱ ቦይ ትይዩ የሚገኘው ሸንተረር ስለሆነ ተራው ማይክሮሜትር ይሳሳታል፣ መያዣው ማዕዘን የሆነ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። ለዓመታት የቆየው ደንብም ከቦዩ 0.001 ኢንች፣ ማለትም ከሰው ጸጉር ውፍረት ሲሶ ያህል፣ የበለጠ አረር ይበቃል የሚል ነበር።

ደንቡ የዘነጋው ጉሮሮውን ነው። አረሩ ቦዩ ጋር ከመድረሱ በፊት በጉሮሮው ያልፋል፤ ጉሮሮው በኮርዳይት ተበልቶ ከቦዩ ሁለት ወይም ሦስት ሺህኛ ኢንች ሰፍቶ ከሆነ፣ በቦዩ ልክ የተሠራው አረር እዚያ ሲደርስ ዙሪያው ክፍት ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የጋለው ጋዝ በአረሩ ጎን ሾልኮ ይቀድመዋል፣ የእርሳሱን ገላ እየላጠ ከፊት ያለው ቱቦ ላይ ይለጥፈዋል፤ ያልተደገፈው አረርም ጥቂት ያጋድልና ሸንተረሩን አጋድሎ ይነክሳል፣ ይህም ማን ከግማሽ ክፍለ ዘመን በፊት ያስጠነቀቀው ነገር ነው። ስለዚህ ልኩን ከጉሮሮው መውሰድ፣ ቦዩ ጠበብ ቢልም ሸንተረሩ ትርፉን እንዲቀርጸው መተው የሙያው አዲስ ደንብ እየሆነ መጣ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ባልደረባ የነበሩት ኮሎኔል ሃሪሰን በማኅበሩ መጽሔት ያወጧቸው ጥናቶችና በ1976 የተቋቋመው የእርሳስ አረር አፍሳሾች ማኅበር ውድድሮች ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ከግለሰብ ደብተር አውጥተው ለሕዝብ አደረሱት።

የጉሮሮውን መልክ ለማየት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ባዶ ቀለሃ አጉርሶ፣ ከፊቱ ለስላሳ የእርሳስ ቁራጭ አስቀምጦ በአፈሙዝ በኩል በወፍራም ዘንግ መቀጥቀጥ ነው፤ እርሳሱ ጉሮሮውን ሞልቶ ሲወጣ ሸንተረሩ የጀመረበትን ቦታ ከነድፋቱ ያሳያል። ሁለተኛው ሴሮሴፍ የሚባለውን፣ ከቢስመት፣ ከእርሳስ፣ ከቆርቆሮና ከካድሚየም የተቀላቀለ፣ ከ71 እስከ 88 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ የሚቀልጥ ብረት ማፍሰስ ነው። ቱቦው በመጀመሪያ ይጸዳል፣ ጉሮሮውን ጥቂት አልፎ በጨርቅ ይወተፋል፣ ቅልጡም ከኋላ ይፈስሳል፤ ብረቱ ሲረጋ መጀመሪያ ጥቂት ስለሚኮማተር በቀላሉ ይወጣል፣ ከዚያ መልሶ ይሰፋና ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ የመጉረሻውን ትክክለኛ ልክ ይይዛል። ማይክሮሜትሩን የሚያነሣው ሰው ሰዓቱን ማየት ያለበትም ለዚህ ነው፤ ለቀናት ከተቀመጠ ብረቱ ከልኩ አልፎ ይሰፋል።

የወፈረ አረር የራሱ አደጋ አለው። ጉሮሮው 0.315 ኢንች ስለሆነ ብቻ 0.315 አረር በቀለሃው አንገት ውስጥ ቢጨመር፣ የአንገቱ ናስ ወደ ውጭ ተገፍቶ ከመጉረሻው ግድግዳ ጋር ሊጣበቅ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን አንገቱ አረሩን ለመልቀቅ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል፣ ግፊቱም ከሚገባው በላይ ይወጣል። አፍሳሹ የተሞላውን ጥይት አንገት ከመጉረሻው አንገት ጋር አመዛዝኖ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ሺህኛ ኢንች ክፍተት መኖሩን ማረጋገጥ፣ ካልሆነም የናሱን አንገት ከውጭ መፋቅ አለበት። በቀለበቱም በኩል ገደብ አለ፤ አረሩ ከሦስት ሺህኛ ኢንች በላይ እንዲቀጥን ከተገፋ የቅባቱ ጎድጎዶች ይጠባሉ፣ መቀመጫውም ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብል ይችላል። አንቲሞኒ ያለበት እርሳስ ከፈሰሰ በኋላ ለቀናት እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ልክ የማስያዙን ሥራ በትኩሱ ወቅት መጨረስ የተሻለ ነው፤ ዘግይቶ የተገፋ አረር በጥንካሬ ያገኘውን ከላይ ገላው ላይ ይመልሳል።

ለማቅለጥ የሚሆነው ብረት ራሱ ታሪክ አለው። ለብዙ ዓመታት አፍሳሾች የተመኩት ከማተሚያ ቤቶች በሚወጣው የላይኖታይፕ ፊደል ብረት ነበር፤ 84 እጅ እርሳስ፣ 12 እጅ አንቲሞኒና 4 እጅ ቆርቆሮ የሆነው ይህ ቅልቅል ጠንካራ ከመሆኑም በላይ ሲቀዘቅዝ እምብዛም ስለማይኮማተር ከቅርጽ ማውጫው ወፈር ያለ አረር ይሰጥ ነበር፣ ለተበላ ጉሮሮም ይህ ጸጋ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ የመጨረሻውን በፊደል ብረት የተለቀመ ጋዜጣ በጁላይ 2 ቀን 1978 ካተመ በኋላ፣ ሌሎቹም ማተሚያ ቤቶች ሲከተሉት ምንጩ እየደረቀ ሄደ። የመኪና ጎማ ማመዛዘኛ እርሳስ ቦታውን ቢይዝም፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ ለአነስተኛ መኪኖች አግዶታል፣ አንዳንድ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛትም ተከትለውታል፤ ካሊፎርኒያ በበኩሏ ከጁላይ 2019 ወዲህ በእርሳስ ጥይት ማደንን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች።

ብረቱ ሲወደድ ትርፍ ማፍሰስና ትርፉን በቀለበት መላጥ ለአፍሳሹ አዋጭነቱ ቀነሰ። በኮምፒውተር የሚመሩ የመቁረጫ ማሽኖች መስፋፋት ደግሞ ደንበኛው የራሱን ጉሮሮ ለክቶ እስከ ሺህኛ ኢንች በሚልከው ቁጥር መሠረት ቅርጽ ማውጫ የሚቆርጡ ሠሪዎችን አስገኘ፤ የቅልቅሉም ዓይነት አብሮ ይነገራቸዋል፣ አንድ ቅርጽ ማውጫ ከለስላሳና ከጠንካራ እርሳስ የተለያየ ውፍረት ስለሚያወጣ። እንዲህ በተሠራ ቅርጽ ማውጫ የሚያፈስሱ ሰዎች ዘንድ ከአረሩ የሚሰፋ ቀለበት ይመረጣል፤ ሥራውም ቅባት መሙላትና የመዳብ ቆቧን መግጠም ብቻ ነው።